የርእሰ መምህራን ሥልጣን በመምህራን ክትትልና ሙያ ማሻሻል ላይ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቢሆንም፣ በመምህራን ላይ ያለው ሥልጣን ውጭ ያለ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። መምህር የሚቀጠረው፣ የሚመደበውና የሚዛወረው በአብዛኛው በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ በርእሰ መምህሩ እጅ የሚቀረው ክፍለ ጊዜ መደልደል፣ የትምህርት ዕቅድ ማየትና ማጽደቅ፣ ክፍል ገብቶ መመልከትና የሥራ አፈጻጸም መመዘን ነው።

ቁጥጥሩ ቀድሞ በኢንስፔክተሮች አማካይነት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ግን ሱፐርቪዥን፣ ማለትም መምህራንን የመከታተልና የመደገፍ ሥራ፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥም እንዲካሄድ ተደርጎ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችና ልምድ ያላቸው መምህራን ሥራውን ይጋሩታል። ከውጭ ደግሞ በአንድ የጉድኝት ማዕከል (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተሳስር ማዕከል) ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ሱፐርቫይዘር አለ።

የሙያ ማሻሻሉ ሥራ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሃ ግብር ይመራል። መርሃ ግብሩ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሳተፍ፣ ጀማሪ መምህር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአማካሪ መምህር እየታገዘ ከሙያው ጋር እንዲተዋወቅ ይጠይቃል። አማካሪ መመደብ፣ ጊዜ ማመቻቸትና ማኅደረ ተግባሩን (መምህሩ የሙያ ማሻሻያ ሥራዎቹን የሚያሰባስብበትን ፋይል) መከታተል የርእሰ መምህሩ ድርሻ ነው። ይህ ሥራ ቅጽ ወደ መሙላት ሲወርድ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ የሚያሳዝነውም ጀማሪው መምህር ድጋፍ አጥብቆ በሚሻበት ወቅት መሆኑ ነው።

ከሁሉም ለመማር ማስተማሩ የሚቀርበው የክፍል ምልከታ ነው። በወጉ ሲካሄድ ከመግባት በፊት ስለ ዕለቱ ትምህርት ውይይት ይደረጋል፤ ከወጡም በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው የታየውን ይነጋገሩበታል። ችግሩ ድጋፍ ሰጪውና መዛኙ አንድ ሰው መሆኑ ላይ ነው። የምዘናው ውጤት ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ መምህርነት፣ ከዚያም ወደ ላይ በሚወስደው የደረጃ ዕድገት ውስጥ ስለሚገባ፣ መምህሩ ድክመቱን ለርእሰ መምህሩ ገልጦ እርዳታ ከመጠየቅ ይልቅ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ትምህርት ማሳየትን ይመርጣል። በዚህ ላይ ርእሰ መምህሩ የሠለጠነበት ትምህርት አንድ በመሆኑ፣ የታሪክ ምሩቅ የፊዚክስ ክፍል ገብቶ የክፍል አያያዙን እንጂ የይዘቱን ስሕተት ላያይ ይችላል፤ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ አብሮ እንዲገባ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጊዜውም የተጣበበ ነው። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የመጻሕፍት ስርጭት፣ የክፍል ጥገናና የወላጆች ጉዳይ ቀኑን ይወስዱታል፤ አነስተኛ በሆኑ የገጠር ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህር ሲጎድል ርእሰ መምህሩ ራሱ ጠመኔ ይዞ ክፍል ይገባል።