ከደንገጎ ዳገት እስከ ኢያሪኮ ቁልቁለት፦ መውጣትና መውረድ በወንጌል

የድሬዳዋ ሰው ዳገትን በእግሩ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ግን ምእመኑ ሙቀቱን ትቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ደጋው ይወጣል። አብዛኛው በመኪና ነው። ስለት ኖሮበት በእግሩ፣ ያውም ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድም አለ። በዚህ መንገድ የወጣ ሰው በወንጌል «ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ሮጠ» የሚሉትን ቃላት ዝም ብሎ አያልፋቸውም።

ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው በወንጌል «ይወጣል»። መሬቱም እንደዚያው ነው። ኢየሩሳሌም 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ኢያሪኮ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ናት። በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ቁስለኛው የተደበደበው በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። አባቶች ከገነት የወጣውን አዳምን አይተውበታል። ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው አለፉ፤ ሳምራዊው ቀረበ። ማን ባልንጀራ እንደሆነ እግራቸው ተናገረ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የዘኬዎስ ታሪክ ነው (ሉቃስ 19)። የሆነው እዚያችው ኢያሪኮ ውስጥ ነው። ሰውዬው ባለጠጋ፣ የቀራጮች አለቃ፣ ቁመቱ ግን አጭር። ሕዝቡ ቢጋርደው ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። እስቲ አስቡት፤ በእኛ አገር ትልቅ ሰው እንኳን ዛፍ ሊወጣ መንገድ ላይ ሲሮጥ ቢታይ «ምን ሆነ?» ይባላል። ዘኬዎስ ክብሩን የጣለው ገና ሳይጠራ ነው። ጌታም ቀና ብሎ አየውና «ፈጥነህ ውረድ» አለው። የወጣው ሊያይ ነበር፤ የወረደው ቤቱን ሊከፍት ነው። የጠፋው ልጅ አባትም እንዲሁ ነው፤ ልጁን ከሩቅ ሲያይ ሮጦ አንገቱን አቀፈው።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይታሰባል። 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረ ሰው ነው። «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» ሲባል፣ የተሸከመችውን አልጋ እሱ ተሸከማት። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱትም ጌታ ወደ ዮርዳኖስ መውረዱን ለማሰብ ነው።

የኤማሁስ መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት አዝነው ሄዱበት። በመንገድ የተቀላቀላቸውን እንግዳ «መሽቷል፣ ከእኛ ጋር እደር» ብለው ለመኑት። እንጀራውን ሲቆርስ ጌታ እንደሆነ አወቁ። በዚያችው ሰዓት ተነሥተው፣ መሽቷል ያሉትን መንገድ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱበት።