የአልማዝ አቆራረጥ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ወርቅ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው አካሄዱ አይጠፋውም። ካራቱን ይጠይቃል፣ ሚዛን ላይ ያስመዝናል፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ ያባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨምራል፣ አለቀ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሒሳቡ ያው ነው። ለጥር ሠርግ ቀለበት ፍለጋ የወጣ ሙሽራ የአልማዝ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ሲቀርብለት ግን ይህ ልማድ ያሳስተዋል። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት አልማዞች አንዱ ሲያንጸባርቅ ሌላው ፈዞ ሊታይ ይችላልና። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት አቆራረጡ ነው።

አቆራረጥና ቅርጽ የተለያዩ ናቸው። ክብ፣ ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን መሆኑ ቅርጹ ነው። አቆራረጥ የሚባለው የድንጋዩ ገጾች ያላቸው ማዕዘን፣ የጥልቀቱና የስፋቱ ምጣኔ፣ የገጾቹ መገጣጠምና ልስላሴ ነው። የተለመደው ክብ አልማዝ 57 ገጾች አሉት፤ የታችኛው ሹል ጫፍ ላይ ትንሽ ገጽ ከተጨመረበት 58 ይሆናል። ከላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ገጽ፣ በዙሪያው ወደ ታች የሚያዘነብል አናት፣ መሐል ላይ ቀጭን ወገብ፣ ከወገቡ በታች ደግሞ ሾጣጣ ሥር አለው።

ብርሃን በላይኛው ገጽ ገብቶ የሥሩን ገጾች ይመታል። አልማዝ ብርሃንን እጅግ የሚያጥፍ ድንጋይ ስለሆነ (የማጠፍ መጠኑ 2.42 ነው)፣ ብርሃኑ ገጹን ሲመታ ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ከ24 ዲግሪ ተኩል በላይ ካዘነበለ ወደ ውጭ አያልፍም፤ ተመልሶ ይንጸባረቃል። ማዕዘኖቹ ልክ ሲሆኑ ብርሃኑ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ዘሎ በአናቱ በኩል ይወጣል፣ የምናየው ብልጭታም ይህ ነው። ሥሩ ከልክ በላይ ከጠለቀ ብርሃኑ በጎን ያመልጥና የድንጋዩ መሐል ይጠቁራል። ሥሩ ከልክ በላይ ከተንጣለለ ደግሞ ብርሃኑ በታች ይፈስሳል፤ ከላይ ሲያዩት በጠፍጣፋው ገጽ ውስጥ የወገቡ ነጸብራቅ እንደ ነጭ ቀለበት ይታያል። ባለሙያዎች ይህንን ጉድለት የዓሣ ዓይን ይሉታል። ሁለቱም ጉድለቶች ድንጋዩ ከተቆረጠ በኋላ በማጠብም ሆነ በማወልወል አይስተካከሉም።

ከአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተወለደው መሐንዲስ ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ቀምሮ ያወጣው ምጣኔ ለአናቱ 34.5 ዲግሪ፣ ለሥሩ 40.75 ዲግሪ ነበር። ዛሬም ጥሩ ክብ አልማዝ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ አናቱ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ፣ ሥሩ ከ40.6 እስከ 41 ዲግሪ፣ ጠቅላላ ጥልቀቱ ከስፋቱ ከ59 እስከ 62.5 በመቶ፣ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ከ54 እስከ 58 በመቶ። ሁለቱ ማዕዘኖች ይደጋገፋሉ፤ ሥሩ በጥቂቱ ከጠለቀ አናቱ በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት።

ታዲያ ቆራጮች ይህን እያወቁ ለምን ያበላሹታል? በክብደቱ ምክንያት፤ የአልማዝ ካራት የክብደት መለኪያ ነውና። የአልማዝ ዋጋ ከግማሽ ካራት ወደ አንድ ካራት ሲሸጋገር በአንድ ካራት የሚከፈለው ራሱ ይጨምራል። ጥሬው ድንጋይ በትክክል ቢቆረጥ 0.92 ካራት የሚወጣው ከሆነ፣ ሥሩን አጥልቆ ወገቡን አወፍሮ 1.00 ማድረስ ያጓጓል። ገዢው የከፈለበት ትርፍ ክብደት ከወገቡና ከሥሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ከካራቱ ጋር ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይጠይቁ። በደንብ የተቆረጠ ክብ አልማዝ 1 ካራት ሲሆን ስፋቱ 6.4 ወይም 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ካራት ሲሆን 5.1 ገደማ፣ 0.30 ካራት ሲሆን 4.3 ገደማ ነው። አንድ ካራት ተብሎ 6.0 ሚሊ ሜትር ብቻ ከለካ ክብደቱ የተሸሸገ ነው። በደንብ የተቆረጠው 0.92 ግን 6.3 ይደርሳል፤ ጣት ላይ ከአንድ ካራቱ ለይቶ የሚያየው ሰው የለም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኛ ብንመርጥ የምንመርጠው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው አንድ ነገር አለ። የወርቅ ካራት ጥራት ነው፤ 18 ካራት ማለት 75 በመቶ ወርቅ ማለት ነው፣ ቀለበቱ ላይም 750 ተብሎ ይቀረጻል። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም። ቀለበቱ ውስጥ 750 መቀረጹ ስለ ድንጋዩ ምንም አይናገርም።

ቀለሙ ከዲ እስከ ዜድ በፊደል ይለካል፤ ዲ ፍጹም ቀለም የለውም፣ ወደ ዜድ ሲሄድ ቢጫነቱ ይጎላል። ለቢጫ ወርቅ ቀለበት እስከ ጄ ያለው በቂ ነው፤ ለነጭ ወርቅ ጂ ወይም ኤች ይሻላል። የውስጥ ንጽሕናው 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ይመዘናል፤ ቪኤስ 2፣ አንዳንዴም ኤስአይ 1 የሚባለው የንጽሕና ደረጃ፣ በባዶ ዓይን ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ቦታው ግን ይታይ፤ መሐል ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ዓይን ይስባል፣ ወገቡ ድረስ የዘለቀ ስንጥቅ ደግሞ አደገኛ ነው። አልማዝን ሌላ ነገር በቀላሉ አይጭረውም እንጂ በኃይል ከተመታ ይሸረፋል።

ሱቅ ውስጥ ከጣሪያ የሚወርዱት ትንንሽ አምፖሎች ማንኛውንም ድንጋይ ያስጌጣሉ። ድንጋዩን በጨርቅ አስጠርገው፣ ከሻጩ ጋር እስከ በሩ ወጥተው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ጥላ ውስጥ ይመልከቱት። ቀስ አድርገው ሲያዘነብሉት ብሩሁና ጨለማው ክፍል በሁሉም ጎን ተመጣጥኖ መቀያየር አለበት። መሐሉ በየትኛውም አቅጣጫ ጠቁሮ የሚቀር ከሆነ ይተዉት።

ወረቀቱ ሌላው ዋና ነገር ነው። የአሜሪካው የጌጣጌጥ ድንጋይ ተቋም፣ ጂአይኤ፣ ለክብ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ ይሰጣል፤ ከኤክሰለንት ጀምሮ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር እያለ ይወርዳል። ከቬሪ ጉድ በታች ባይወርዱ ጥሩ ነው። የወረቀቱ ቁጥር በብዙዎቹ ድንጋዮች ወገብ ላይ በሌዘር ይጻፋል፤ በማጉያ መነጽር አንብበው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፣ ቁጥሩን በተቋሙ ድረ ገጽ ያስገቡ፣ ሚሊ ሜትሩንም ያወዳድሩ። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ገዝቶ የሚልክ ከሆነ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የወረቀቱን ፎቶ ያስልኩ፤ ስፋት፣ ጥልቀት በመቶኛ፣ የአናትና የሥር ማዕዘን እዚያው ተጽፈዋል።

ወረቀት ከሌለ ማስመሰያዎችን ይጠንቀቁ። ዚርኮኒያ የሚባለው ከአልማዝ በእጅጉ ይከብዳል፤ ፈርጡ ገና ካልታሰረ 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1.7 ካራት ገደማ ከመዘነ አልማዝ አይደለም። የወርቅ ቤቱ ሚዛን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሞይሳናይት ደግሞ አልማዝን ሙቀት በማስተላለፉ የሚለየውን የሙቀት መፈተሻ መሣሪያ ያታልላል፤ በማጉያ መነጽር በሰያፍ ሲያዩት የሥሩ ገጾች ጠርዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ ግን እውነተኛ አልማዝ ነው፤ በዓይንም በሙቀት መፈተሻም ከማዕድኑ አይለይም፣ ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። መልሰው እሸጠዋለሁ ብለው ካሰቡም አስቀድመው ይወቁት፦ ወርቁ በግራም ሒሳብ ይመለሳል፣ ፈርጡ ግን የተገዛበትን ያህል አያወጣም።

ቀለበቱ ከተገዛ በኋላ ድንጋዩን ከሁሉ ቀድሞ የሚያፈዝዘው ቅባት ነው። አልማዝ ቅባት ይይዛል፤ በማዕድን ማውጫዎች ከጠጠር ይለዩት የነበረውም ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በውኃ እያሳለፉ ነው። የፀጉር ቅቤ ወይም የወጥ ዘይት የነካው ቀለበት ሥሩ ላይ ስስ ሽፋን ይይዝና ብርሃኑ ያመልጣል፣ ጥሩ አቆራረጥ ያለው እንኳ ደብዝዞ ይታያል። ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ዘፍዝፎ፣ ከሥሩ በኩል በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ይበቃል። አንጥረኛ ቀለበቱን ሊያሰፋ ወይም ሊያጠብ ሲል ድንጋዩን እንዲያወጣው፣ ካልሆነም በቦሪክ አሲድ እንዲሸፍነው ይንገሩት፤ ያልተሸፈነ አልማዝ የብየዳ እሳት ካገኘው ገጹ ተቃጥሎ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፣ ያንን የሚያስወግደው እንደገና ማስሞረድ ብቻ ነው።