ዲኤንኤ ሲባዛ የክሮሞሶም ቁጥር ለምን አይጨምርም?

በአራት ኪሎው የጥናት ቡድናችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት፣ ዲኤንኤ ከተባዛ በኋላ የሰው ሕዋስ 46 ነው ወይስ 92 ክሮሞሶም (ዲኤንኤን የያዘ ክር መሰል የሕዋስ አካል) ያለው የሚለውን ነው። መልሱ 46 ነው። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በሴንትሮሜሩ (በማያያዣ ነጥቡ) በመሆኑ፣ ሁለቱ ተመሳሳይ ክሮማቲዶች (ዲኤንኤው ሲባዛ የሚገኙት የክሮሞሶሙ ቅጂዎች) በአንድ ሴንትሮሜር ተያይዘው እስካሉ ድረስ፣ የዲኤንኤው መጠን እጥፍ ቢሆንም እንኳ እንደ አንድ ክሮሞሶም ይቆጠራሉ። 92 የሚገኘው በማይቶሲስ (በተራ የሕዋስ ክፍፍል) አናፌዝ በሚባለው ደረጃ ላይ ክሮማቲዶቹ ተላቅቀው ራሳቸውን የቻሉ ክሮሞሶሞች ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈልም ከአዳዲሶቹ ሕዋሳት እያንዳንዱ 46 ይደርሰዋል።

ተፈታኙን ይበልጥ የሚያሳስተው ሚዮሲስ፣ ማለትም የዘር ሕዋሳት የሚፈጠሩበት ባለሁለት ዙር ክፍፍል ነው። በመጀመሪያው ክፍፍል የሚለያዩት ክሮማቲዶች ሳይሆኑ ከእናትና ከአባት የመጡት ጥንድ ክሮሞሶሞች ስለሆኑ፣ ቁጥሩ ወደ 23 የሚወርደው እዚሁ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ክፍፍል ክሮማቲዶቹ ይለያያሉ እንጂ 23ቱ አይቀነስም። በእኔ እምነት የደረጃዎቹን ስም ከመሸምደድ ይልቅ ሥዕሉ ላይ ሴንትሮሜሮችን መቁጠር ያዋጣል።

ከፍጡር ፍጡር የሚለያየው ቁጥሩ እንጂ የአቆጣጠሩ ደንብ አይደለም፤ ለምሳሌ 16 ክሮሞሶም ያለው የሽንኩርት ሕዋስ፣ ዲኤንኤው ከተባዛ በኋላ ያው 16 ክሮሞሶም፣ ነገር ግን 32 ክሮማቲድ ይኖረዋል።