አውሮፕላን ተራ ሲጠብቅ፦ የኤርፖርት መጨናነቅ ከጎሮ ሲታይ

ጎሮ ወይም ሰሚት የሚኖር ሰው ጠዋት የሰዓት ደወል ብዙም አያስፈልገውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ አንዱ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ሻይ ሳይፈላ ሌላው ይከተላል። እኩለ ቀን ላይ ግን ሰማዩ ረገብ ይላል።

ነገሩ የታሰበበት ነው። ቦሌ የትራንዚት ኤርፖርት ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሌሊቱን የበረሩት ጠዋት ይሰበሰባሉ፣ መንገደኛ ይቀያየራል፣ ከዚያ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። ማታ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ለመንገደኛው ጥሩ ነው፣ ብዙ አይጠብቅም። ለኤርፖርቱ ግን ፈተና ነው። የሜክሲኮን ታክሲ ሰልፍ አስቡት፤ ረፋድ ላይ ረዳቱ ሰው ፍለጋ ይጮሃል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሰልፉ ማለቂያ የለውም።

ተርሚናል ማስፋት ብቻውን ይህን አይፈታም። ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ሰፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ ሆኗል፣ ጥሩ፣ ግን አውሮፕላኑ የሚያርፈው ተርሚናሉ ላይ አይደለም። መንደርደሪያ መጨመርም ሁሌ እጥፍ አያደርግም። ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተራራቁ፣ አንዱ ጋ የሚያርፈው የሌላውን ሁኔታ ማየት አለበት። ደግሞ ትልቅ አውሮፕላን ከኋላው የሚሽከረከር ንፋስ ትቶ ስለሚሄድ ትንሹ ራቅ ብሎ መከተል ግዴታው ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ጋር ሲያሰልፉ ክፍተቱ ይጠባል። የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍተቱን በርቀት ሳይሆን በሰከንድ ይለካል፤ ንፋስ ፊት ለፊት ሲበረታ አውሮፕላኑ ስለሚዘገይ፣ ያንኑ ርቀት ለመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ቀንሶለታል።

ለእኔ የሚታየኝ ትልቁ መፍትሔ ግን ቀላሉ ነው፦ መጠበቁ ካልቀረ መሬት ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ ይጠበቅ። መድረሻው ከተጨናነቀ መነሻው ላይ ማቆየት አየር ላይ ከመዞር ይሻላል። የጀርመኑ ሙኒክ ኤርፖርት በ2007 (እ.ኤ.አ.) አየር መንገዱን፣ ሻንጣ ጫኙንና የበረራ መቆጣጠሪያ ታወሩን አንድ መረጃ ላይ አገናኝቶ፣ ሞተር የሚነሳው ተራ ሲደርስ ብቻ እንዲሆን አደረገ። አንድ ጊዜ፣ የትኛው አየር መንገድ እንደሆነ ልተወውና፣ በሩ ተዘግቶ 1 ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩ እናት «ነዳጅ አለቀ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ተራ እየጠበቅን ነበር።

ሌላው መፍትሔ አዲስ ኤርፖርት ነው፤ የታቀደው ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዕቅዱ 4 መንደርደሪያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ነው። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ከባድ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ መነሳት ይቸግረዋል። ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ መንገድ ላይ ማረፍ የተለመደው ለዚህ ነው፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል።

የትራንዚት መንገደኛው ይገላገላል። የጎሮ ሰው ግን የታቀደው ባቡር ካልደረሰለት ሻንጣውን ጭኖ በቱሉ ዲምቱ በኩል መውጣቱ ነው።