ያልተጻፈውን ማንበብ፦ የሳይንስና የተፈጥሮ ምንባብ በወሎ

በትምህርት ቤት ቋንቋ «አንብቦ መረዳት» ይሉታል። ተማሪው አጭር ምንባብ ያነባል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመልሳል። የአንዳንዱ ጥያቄ መልስ ምንባቡ ላይ ቁጭ ብሏል። የሚያስቸግረው «ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» የሚለው ነው። መልሱ አልተጻፈም፤ ፍንጩ ግን ተጽፏል።

ነገሩ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ የወሎው ዋድላ ነው፤ ሌሎቹ ጎንጅና ዋሸራ ጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይሰማል፣ ወርቁን ራሱ ፈልጎ ያወጣል። ቅኔን ማን ጀመረው ሲባል ጎጃሞች ተዋነይን ይጠራሉ፣ ወሎዬው ዮሐንስ ገብላዊን ይላል። ክርክሩ አላለቀም፤ የዋድላ ክብር ግን አያከራክርም። በወሎዎቹ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በዳናና በጃማ ንጉሥም ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ተቀምጦ ሲያብራሩለት ኖሯል። ዘመናዊው ትምህርት ደሴ ላይ በወይዘሮ ስኂን፣ በሆጤና በመምህር አካለወልድ ትምህርት ቤቶች ስሙን ተክሏል።

ለሳይንስ ምንባብ፣ ስሙ ራሱ «ሐይቅ» ከሆነው የወሎ ሐይቅ የተሻለ ርዕስ አላውቅም። ሐይቁ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል። ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ፀሐይ ውኃን ስታተን ጨውን ትታው ትሄዳለች። የሐይቅ ውኃ ጨዋማ አይደለም።» ጥያቄው፦ ጨው ለምን አልተጠራቀመም?

እኔ በልጅነቴ «የእስጢፋኖስ ገዳም ስላለበት» ብዬ ኤክስ ተደርጎብኛል። እቤት ብናገረው ያስመርቀኝ ነበር። ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን አይወጣም። ውኃው የሚሄደው በትነት ብቻ ቢሆን ጨው ይከማች ነበር። አልተከማቸም። ከላይ የሚወጣበት መንገድም የለም። ስለዚህ ከሥር፣ በመሬት ውስጥ የሚሰርግ ውኃ ጨውን ይዞት ይሄዳል ማለት ነው። የውኃ ተመራማሪዎችም እንዲሁ ይላሉ።

ማመሳከሪያውም ሩቅ አይደለም። ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በመጨረሻ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አቤ ጨዋማ ነው። እነዚህን ሁለት ምንባቦች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ልጅ መምህር ሳይነግረው የአቤ ውኃ በአብዛኛው ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል።

ሌላው ርዕስ ሉሲ ናት፣ ድንቅነሽ። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ ነው። ሀዳር ዛሬ አፋር ክልል ውስጥ ነው፣ ያኔ ግን በወሎ ሥር ስለነበረ እኛም እናነሣታለን። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ስትራመድ ያያት የለም። የጭኗ አጥንት ግን እንደ እኛው ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የቺምፓንዚ ቀጥ ያለ ነው። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር የተባለው ከዚህና ከዳሌዋ ተነሥቶ ነው። «ፀጉሯ ምን ዓይነት ነበር?» ቢባል ደግሞ ትክክለኛው መልስ «አይታወቅም» ነው። ብዙ ተማሪ ይህን መልስ ይፈራዋል፣ ያላጠና ያስመስላላ!

ቋንቋውም አንድ ጣጣ ነው። በአማራ ክልል ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ፍንጩን ሳያጣው ቃሉ ይይዘዋል። የ12ኛ ክፍል አፕቲቲዩድ ፈተና ላይ ምንባብ ሲመጣ ይኸው ችግር ይከተለዋል።

የገጠሩ ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ላደገ እረኛ «ጭላዳ ቀኑን አብዛኛውን ተቀምጣ ሣር ትነጫለች። ደረቷ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ምልክት አላት» የሚል ምንባብ ይሰጠው። ምልክቱ ለምን ደረት ላይ ሆነ? አንዳንድ ተመራማሪዎች ስትቀመጥ መቀመጫዋ ስለማይታይ ነው ይላሉ። እረኛው «ሁሌ የማያት እንደዛ ነው» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ «ከምንባቡ የትኛው ቃል ነው ይህን የነገረህ?» ብሎ ሲጠይቀው ተመልሶ ያነባል። ጣቱን «ተቀምጣ» የሚለው ላይ ያሳርፋል።