አዲስ ዓይነት ምግቦች ገበያ ከገቡ በኋላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅቡቲ ተነሥተው በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ሱቆች ከሚገቡት የታሸጉ ምግቦች መካከል አያቶቻችን ቀምሰዋቸው የማያውቁ እየበዙ መጥተዋል፤ ቺያ የተባለው ዘር፣ የስኳር ምትክ ማጣፈጫዎችና የፕሮቲን ዱቄቶች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እንዲህ ያሉ ምግቦች መሸጥ ከጀመሩ በኋላ ደኅንነታቸውን የመከታተል ሥራ የድኅረ ገበያ ቅኝት ይባላል። ስለዚህ ሥራ ከሚነገረው ብዙው ሊታረም ይገባል።

«ፈቃድ ያገኘ ምግብ ምርመራው አልቋል።»

ፈቃድ የሚሰጠው በዕለቱ በተገኘው ማስረጃ ነው፤ ይኸውም በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የተደረገ ምርመራ፣ በውሱን ቁጥር ያላቸው በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ እንዲሁም ሰው ምግቡን በቀን ምን ያህል ሊመገብ እንደሚችል የተሰላ ግምት ነው። ከ10,000 ሰዎች አንዱን ብቻ የሚያገኝ አለርጂ 200 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ላይ ሳይታይ ማለፉ የሚጠበቅ ነው። ግምቱም ቢሆን ሰው በገበታው ላይ ከሚያደርገው ሊለይ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ኮሌስትሮል ለመቀነስ ስቴሮል የተባለ የእፅዋት ንጥረ ነገር የተጨመረበትን የዳቦ ቅባት በ2000 እ.ኤ.አ. ሲፈቅድ፣ አምራቹ ከሽያጭ በኋላ ክትትል እንዲያደርግ አስገድዶ ነበር፤ የተሰበሰበው መረጃም ሸማቹ በቀን የሚመገበው መጠን አስቀድሞ ከተገመተው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ይህ ደኅንነቱን በተመለከተ መልካም ዜና ቢሆንም፣ ይጠበቅ የነበረው ጥቅም በዚያው ልክ ሊያንስ እንደሚችል ያመለክታል። ከሽያጭ በፊት የተደረገ የትኛውም ምርመራ ይህን ሊናገር አይችልም ነበር።

«ክትትል የሚደረግበት ምግብ የተጠረጠረ ነው።»

አይደለም። ክትትል የሚታዘዘው በግምገማው ውስጥ ያልተዘጋ ጥያቄ ሲኖር ነው፤ አደጋው የታወቀ ምግብ ከመጀመሪያውም ፈቃድ አያገኝም።

«ከጥንት የሚበላ ምግብ ክትትል አያሻውም።»

ይህን አስተሳሰብ ለማረም ከወሎ ሰው የበለጠ ምስክር የለም። ጓያ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚበላ ጥራጥሬ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት ሌላው ሰብል ሲጠፋና ጓያ ዋና ቀለብ ሲሆን፣ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ብዙ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ብዙ ወጣቶችን፣ አሽመደመደ። ጉዳቱን የሚያደርሰው በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በቦታው የተደረጉት ጥናቶች ያስገኙት ትምህርት ግን ከዚህም ይልቃል፦ ጓያን በእሸትነቱ፣ ተቆልቶ ወይም በንፍሮ መልክ የተመገቡት ለአደጋው ይበልጥ ሲጋለጡ፣ በሽሮ መልክ የተመገቡት ላይ ይህ አልታየም፤ ከእህል ጋር ቀላቅለው የተመገቡትም የተሻለ ተጠብቀዋል። ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ አደጋውን የለየው መጠኑ፣ አሠራሩና አብሮት የሚበላው ነበር። የጥንታዊ ምግብ ጉዳት እንደ አበላሉ ይህን ያህል ከተለዋወጠ፣ በሌላ አገር ገበታ ላይ ተገምግሞ ወደ ደሴ የመጣ ምግብ እዚህ እንዴት እንደሚበላ መከታተል ትርፍ ሥራ ሊባል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

«ቅሬታ ካልመጣ ችግር የለም፤ ቅሬታ ከመጣ ደግሞ ጥፋተኛው ምግቡ ነው።»

ሁለቱም ወገን ስሕተት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሐኪሞች ተመሳሳይ ከባድ የጡንቻ ሕመም ያደረባቸው ጥቂት ሕሙማን ሁሉም ኤል-ትሪፕቶፋን የተባለ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ሲወስዱ እንደነበር አስተዋሉ፤ ከዚያ በፊት ችግሩ በይፋ አይታወቅም ነበር። በኋላ ከ1,500 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፣ ከ30 በላይ ሰዎችም ሞቱ፤ አብዛኛው ጉዳትም ወደ አንድ አምራች ምርት ሊመራ የቻለው የት እንደተመረተ መከተል በመቻሉ ነው። በተቃራኒው በ2000 እ.ኤ.አ. ለመኖ ብቻ የተፈቀደው፣ ስታርሊንክ የተባለው የዘረ መል ለውጥ የተደረገበት በቆሎ በሰው ምግብ ውስጥ ሲገኝ፣ አለርጂ አደረብን ያሉ ሰዎች ደም ተመርምሮ ሕመማቸውን ከበቆሎው ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አልተገኘም። ምልክቱ ጥያቄ ያስነሣል፣ መልሱን የሚሰጠው ምርመራው ነው። በዚህ ረገድ እጅግ የሚያሳስበኝ ዱቄትና ዘር ከማሸጊያው ወጥቶ በሸዋ በር ገበያ በኪሎ ሲሸጥ ማየት ነው፤ ምክንያቱም የአምራቹ ስምና የምድብ ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) ከማሸጊያው ጋር ከተጣለ ወደ ምንጩ መመለሻ መንገድ አይኖርም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም።»

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው፤ ሆኖም ባለሥልጣኑ በየቤቱ ገበታ ላይ አይቀመጥም። አዲስ ምግብ ከበላ በኋላ ሽፍታ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ያጋጠመው ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ማሸጊያውንም ሳይጥል ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። የምርቱ ስም፣ የምድብ ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቦታ፣ የተበላው መጠን፣ አብሮ የተበላው ነገርና ምልክቱ እስኪታይ የወሰደው ጊዜ አብረው ከተመዘገቡ ጥቆማው ለምርመራ ይበቃል። ሐኪሙም የወሰዱትን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን በቅርቡ መመገብ የጀመሩትን አዲስ ነገር ጭምር ቢጠይቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለየብቻቸው የሚታዩ ሁለት ሕሙማን የአንድ ምርት ጉዳይ መሆናቸው ሊታወቅ ይችላል።