የዝናብ ውሃ በርሜል ላይ ቧንቧ መግጠምና እንዳያፈስ ማድረግ

የጓሮ በርሜል ላይ ቧንቧ መግጠም ማለት ባጭሩ በርሜሉን ከታች በኩል በስቶ ቧንቧ ማስገባትና ዙሪያው እንዳያፈስ ማድረግ ነው። ቀዳዳው ከወለሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፣ ከጣሪያ የሚወርደው አሸዋና ቅጠል ስር ስለሚዘቅጥ ዝቅ ካለ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ባልዲ ከስር እንዲገባ ደሞ በርሜሉ ብሎኬት ላይ ይቀመጣል፣ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነውና መቀመጫው የዋዛ መሆን የለበትም።

ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ የጥርሱ (ዳዶ የሚጠመዘዝበት ጠመዝማዛ መስመር) የውጭ ስፋት 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 3/4 የሚባለው ደሞ 26 ተኩል አካባቢ፤ የጥርሱ ቅርፅ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ካወጣው የመጣ ነው። ስለዚህ ለግማሽ ኢንች 22 ሚሊ መብሳት ይበቃል። ከተበሳ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረውን የፕላስቲክ ቅራፊ በቢላ መላግ የግድ ነው፣ ትንሿ ቅራፊ ጎሚኒው (ቧንቧው ዙሪያ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ስር ከቀረች ውሃው መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ፍሳሹን የሚይዘው ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ነጭ ጥቅል) ይመስለዋል። ቴፍሎን የሚሠራው ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ ነው፣ የበርሜሉ ግድግዳ ግን ጥርስ የለውም፣ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ምስኪኑ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ከውስጥ ይሁን ከውጭ የሚለው ክርክር አያልቅም፤ አንዳንዶች የውሃው ግፊት ስለሚጫነው ከውስጥ ይሻላል ይላሉ፣ ይሁን እንጂ ዳዶው በውስጥ በኩል ታስሮ ጎሚኒው ከውስጥ ብቻ ከሆነ ውሃው በዳዶው ጥርስ ተሽሎክልኮ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ነው ቴፍሎን የሚያስፈልገው (ከጥርሱ ጫፍ በኩል ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይጠመጠማል)። ሁለቱም ጋ ማድረግ ነገሩን ይዘጋዋል። ሲሊኮን ግን ምንም ክርክር የለውም፣ አብዛኛው የፕላስቲክ በርሜል ፖሊኢቲሊን ስለሆነ በደንብ አይይዘውም፣ ደርቆ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

የበርሜሉ ሆድ ጎባጣ ስለሆነ ወፍራምና ለስላሳ ጎሚኒ ይመረጣል፣ ዳዶው በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ሩብ ወይ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግፊቱ 0.1 ባር ብቻ ነው፣ ምን ያስጨንቃል፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ጎሚኒ እንደውም ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይሾልካል።

እጅ ውስጡ ድረስ ካልገባ ዘዴ አለው፦ በቀዳዳው ገመድ አስገብቶ በበርሜሉ አፍ ማውጣት፣ ባለ ጥርሱን ማያያዣ ከነጎሚኒው ገመዱ ላይ ሰክቶ ጫፉን መቋጠር፣ ከዛ ከውጭ በኩል ሲጎተት ራሱ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል፣ ዳዶው ከውጭ ይታሰራል።

ለሙከራ ከቧንቧው በላይ ድረስ ውሃ ይሞላና ዙሪያው በደረቅ ሶፍት ይዳበሳል። የብረት በርሜል ላይም አሠራሩ ያው ነው፣ የተበሳው ጠርዝ ብቻ እንዳይዝግ አስቀድሞ ቀለም ይቀባል።